አራት መቶ ሠላሳ አንድ ጠዋት

የጥናቱ መዝገብ እንዲህ ይላል። ወይዘሮ ሐያት ሰይድ፣ ዕድሜ ስልሳ ሦስት፣ ነዋሪነት ኮምቦልቻ፣ ከሚያዝያ 3 ቀን 2057 እስከ ሰኔ 8 ቀን 2058 ዓ.ም. አራት መቶ ሠላሳ አንድ ጠዋት ተጠይቀው፣ አራት መቶ ሠላሳ አንዱንም ደህና አድረዋል። ያልተመለሰ ጠዋት የለም። ቢጫ የበራበት ጠዋት የለም።

የሆስፒታሉ ወረቀት ደግሞ እንዲህ ይላል። ወይዘሮ ሐያት ሰይድ፣ ዕድሜ ስልሳ ሦስት፣ ሰኔ 9 ቀን 2058 ዓ.ም. በጎረቤት ተደግፈው መጡ። ቆሽታቸው ላይ የተነሣው ካንሰር ጉበታቸው ደርሷል። ዕጢው ከአንድ ዓመት ያላነሰ ዕድሜ አለው። በሽተኛዋ ቢያንስ ለስድስት ወር በከባድ የጀርባና የሆድ ሕመም ሲሠቃዩ እንደኖሩ አያጠራጥርም።

ሁለቱም ወረቀቶች ማኅተም አላቸው። ኢምራን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘርግቶ ለሦስተኛ ጊዜ አነበባቸው። በሁለቱ መካከል ያለው አንድ ሌሊት ብቻ ነው። እናቱ በአንደኛው ወረቀት ደህና አድራለች፤ በሌላኛው እየሞተች ነው።

ጠያቂው የሚባለው መሣሪያ ሳሎን ውስጥ፣ ከበሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ነው። የሁሉም ቤት እንደዚያው ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ሲሆን "እንዴት አደራችሁ?" ይላል። የቤቱ ሰው በየተራ ይመልሳል። ሁሉም ደህና ካሉ ከደጅ ያለው መብራት አረንጓዴ ይበራል። አንዱ አመመኝ ካለ ቢጫ ይሆንና በሳምንቱ ውስጥ ነርስ መጥታ ደም ትቀዳለች። ካንሰርን ገና ከጅምሩ ለመያዝ የተወጠነው ይህ ጥናት ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ብዙ ሰውም አድኗል። ማዶ ያሉት እትዬ ዘምዘም ከስምንት ዓመት በፊት አንድ ጠዋት "ጎኔን ወጋ አድርጎኛል" በማለታቸው ብቻ ኩላሊታቸው ላይ ሽምብራ የምታክል ዕጢ ተገኝታ ወጥታላቸዋለች። እስከ ዛሬ ያንን ሲያወሩ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያደርጋሉ።

ግን ሰው መመለስ ይሰለቸው ነበር። ስለዚህ ጥናቱን ጨዋታ አደረጉት። ሳያቋርጥ የመለሰ ቤት ሰንሰለት ይኖረዋል፤ ሰንሰለቱ በረዘመ ቁጥር ቤቱ ከሌላ ቤት ጋር፣ ሰፈሩ ከሌላ ሰፈር ጋር ይወዳደራል። መጀመሪያ ላይ ሰንሰለቱ የሚቆጥረው መመለስን ነበር፤ ያመመውም ያላመመውም እኩል። በኋላ ከተሞች "የኛ ሰው ይበልጥ ጤነኛ ነው" እየተባባሉ ሲፎካከሩ አረንጓዴው ብቻ መቆጠር ጀመረ። ይህን ማን እንደወሰነ የሚያውቅ የለም። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲያመው መጀመሪያ ፋርማሲ ይሄዳል፤ ለጠያቂው የሚናገረው መጨረሻ ላይ ነው።

ድሮ ጠያቂ ማለት ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥሎ የታመመ ሰው ቤት የሚሄድ ሰው ነበር። አሁን ሰው በመንገድ ሲያልፍ ቀና ብሎ መብራቱን ያይና "ደህና ናቸው" ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ሽማግሌ ሲላክ የቤቱ ሰንሰለት ርዝመት ይጠየቃል። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ "ሰንሰለታችሁስ ስንት ደርሶ ነበር?" ማለት ነውርነቱ ቀርቷል።

ኢምራን ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በሰው መሥራት እስኪያቆም ድረስ የፈረቃ ኃላፊ ነበር። ከዚያ በኋላ የቀረው ሰንሰለቱ ነው። በቤቱ ያሉት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ እሱና እናቱ። ከጠዋት እስከ መግሪብ የሰንሰለቶቹን ውድድር ሊጫወት ስክሪኑ ፊት ይቀመጣል፤ ምሳው አጠገቡ ይቀዘቅዛል። ተጫዋቾቹ "አባ ሰንሰለት" ይሉታል። እናቱ ጨዋታው ባይገባትም ሳህኑን ልታነሣ ስትገባ ትጠይቀዋለች።

"ዛሬ ስንተኛ ሆንክ?"

"አምስተኛ።"

"ከሰፈሩ?"

"ከአገሩ ነው እንጂ እማ!"

"አልሐምዱሊላህ!" ትልና ሳህኑን ይዛ ትወጣለች።

ለጠያቂውም የምትመልሰው ይህንኑ ነው። አንድ ቀን እንኳ "ደህና ነኝ" ብላ አታውቅም። ጠያቂውን የሠሩት ሰዎች የአገሩን ቋንቋ የሚያውቁ ስለነበሩ "ተመስገን"ንም፣ "አልሐምዱሊላህ"ንም፣ "ምን እንሆናለን"ንም፣ "አለን"ንም ከደህና ጎራ አስገብተዋቸዋል።

ሰኔ 9 ቀን ጠዋት ሐያት ለእትዬ ዘምዘም ወንፊት ልትመልስ ሄዳ እዚያው ደጃቸው ላይ ተቀመጠች። መነሣት አቃታት። እትዬ ዘምዘም ሊያነሷት ጎንበስ ሲሉ ፊቷን አዩት።

"አንቺ ሴትዮ፣ መብራቱን ዓይንሽ ውስጥ ተከልሽው እንዴ?" አሉ መጀመሪያ፣ ቀልድ አፋቸው ላይ ስለሚቀድም። ከዚያ ደነገጡ። የሐያት ዓይን ነጩ ሁሉ ቢጫ ሆኖ ነበር።

ከሆስፒታል ሲመለሱ ሲስተር ምሕረት የማስታገሻውን ሳጥን ይዛ መጣች። ሳጥኑ ከአልጋው ራስጌ ተቀመጠ። በቀን ሦስት ጊዜ በራሱ ይከፈትና መድኃኒቱን ይሰጣል። የሚሰጠው ከአንድ እስከ አምስት ባለው ደረጃ ነው። ሐኪሙ ያዘዘው አራተኛውን ነበር። ሳጥኑ የሰጠው ግን ሁለተኛውን ነው። ሐያት ዋጠችው። ሰዓት ሳይሞላ ሻሿን ጠቅልላ በጥርሷ ነከሰች።

"ሳጥኑ ተበላሽቷል መሰለኝ" አለ ኢምራን ነርሷን ወደ ደጅ አስወጥቶ።

"ሳጥኑስ ምንም አልሆነም። እሱ የሚያምነው መዝገቡን ነው። መዝገቡ ደግሞ ትናንት ድረስ ደህና ናቸው ይላል።"

"አሁን አመመኝ ብትለውስ?"

"ይቀበላል። ግን ከአራት መቶ ምናምን ቀን ጋር ነው የሚያማክለው። ዛሬ ጀምረው በየቀኑ አመመኝ ቢሉ እንኳ አራተኛው ደረጃ የሚደርሰው በአራት ወሩ ነው።" ሲስተር ምሕረት ሕጉን እንደምትጠላው ከፊቷ ያስታውቃል፤ ግን አልዋሸችውም። "ያኔ አልነበርክም፤ እኔ ተማሪ ሆኜ ይኼ መድኃኒት ጤነኛውን ሰው ነበር የሚገድለው። ከበሽተኛ ራስጌ እየተሰረቀ። ሕጉ የወጣው ለዚያ ነው።"

"ዶክተሩ ምን ያህል ጊዜ አላት አሉሽ?"

"ሁለት ወር። ቢበዛ ሦስት።"

ኢምራን ዓይኑን ከእሷ አነሣ። ማዶ የእትዬ ዘምዘም መብራት አረንጓዴ ነበር።

"ሐሙስ አጣሪ ኮሚቴው ይቀመጣል" አለች ሲስተር ምሕረት። "አመልክቼላችኋለሁ። መዝገብ የሚሰርዘው ግን በሁለት ምክንያት ብቻ ነው። ወይ ጠያቂው ተበላሽቶ ከሆነ፣ ወይ በበሽተኛው ፋንታ ሌላ ሰው መልሶ ከሆነ። የናንተን ጠያቂ ፈትሸውታል። ደህና ነው።"

"ሌላ ሰው ከሆነስ?"

ነርሷ ትንሽ አየችው። "አንድ ጠዋት እንኳ ሌላ ሰው ከመለሰ ሙሉው መዝገብ ይሰረዛል። ሳጥኑ በዚያው ቀን ሐኪሙ ባዘዘው ይከፈታል። ሰውየው ግን በጨዋታ የተያዘ ተብሎ በማግስቱ ማገገሚያ ይገባል። ስድስት ወር።"

"ሰው መጥቶ ማየት..."

"የለም። ስልክም የለም። መውጣትም የለም፤ ለለቅሶም ቢሆን። ለክፋት አይደለም፤ ብዙዎቹ ድነው ነው የሚወጡት።" ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች። "እኔ የጠየቅኸኝን ነው የነገርኩህ። አንተን ምንም አልጠየቅኩህም።"

የሆነው ይህ ነበር። መጋቢት 8 ቀን ጠዋት ኢምራን ሰንሰለቱ ያልተቋረጠ ቤት ብቻ ወደሚገባበት ዋና ውድድር ሊገባ አንድ ሰዓት ቀርቶት ነበር። ጠያቂው ጠየቀ፤ እሱ መለሰ። ከእናቱ ክፍል ግን "አል..." የሚል ብቻ መጣና ተቋረጠ። ቆየት ብሎ በጥርስ መሃል የወጣ ድምፅ ተሰማ፤ "ዛሬስ..."

"አልተሰማም። እባክዎ ይድገሙት" አለ ጠያቂው።

ከ"ዛሬስ" በኋላ ምን እንደሚመጣ ኢምራን ያውቅ ነበር። አውቃለሁ ብሎ ለራሱ አልነገረውም እንጂ ያውቅ ነበር። የእናቱ መልሶች ስልኩ ውስጥ ነበሩ፤ ተጫዋች ሁሉ የሰንሰለቱን ድምፆች እንደ ዋንጫ ያስቀምጣል። ከጥር ወር አንድ ጠዋት መረጠና ስልኩን ወደ ግድግዳው አስጠጋ። "አልሐምዱሊላህ" አለ ስልኩ በእናቱ ድምፅ። መብራቱ አረንጓዴ በራ። የዚያን ዕለት ከአገር ሦስተኛ ወጣ።

በማግስቱ እሷን ሳይጠብቅ ከፈተው። በሦስተኛው ቀንም እንደዚያው። ያው ድምፅ እንዳይደገም የጥቅምቱን፣ የታኅሣሡን፣ የረመዳኑን እያፈራረቀ ዘጠና አንድ ጠዋት መለሰላት። እንደዚያም ሆኖ ለራሱ የሚነግረው ነገር ነበረው፤ እሷስ ብትሆን አልሐምዱሊላህ ከማለት ሌላ ምን ትላለች? በእነዚያ ዘጠና አንድ ጠዋቶች ወደ ክፍሏ ገብቶ ፊቷን አላየም።

ሐኪሙን በስልክ ጠይቆት ነበር። "ከሦስት ወር በፊት ቢገኝ ኖሮ ለውጥ ነበረው?" ሐኪሙ ጨዋ ሰው ነው፤ ሳይቸኩል መለሰለት። "ምናልባት ነበረው። ምናልባትም አልነበረውም።" ኢምራን ከዚያ ወዲህ ውሃ ሲቀዳም፣ አንሶላ ሲቀይርም ያቺን "ምናልባት" እያላመጠ ነው። ስክሪኑን አጥፍቶታል። ጣቶቹ ግን ሳያዝዛቸው ጉልበቱ ላይ ይንቀሳቀሳሉ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሾርባ ሊያጠጣት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሁለት ማንኪያ ወስዳ በእጇ ከለከለችው።

"በቃኝ። ይልቅ አንተ ብላ፤ ከስተሃል።"

"እማ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው።"

"ስለ ድምፁ ከሆነ አውቃለሁ።"

ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠ። 

"ሰምቸዋለኋ" አለች ሐያት። ዓይኗን ጨፍና ነው የምታወራው፤ ብርሃን ያስቸግራታል። "ያን ቀን ጀርባዬን ይዞኝ ላብ በላብ ሆኜ፣ ዛሬስ አመመኝ ልለው ነው ብዬ ትንፋሼን ስሰበስብ ከሳሎን ራሴን ሰማሁት። አልሐምዱሊላህ ይላል። ጤነኛ ሴት ናት። ድምፄ እንዲያ ያምር ነበር እንዴ አልኩ፣ ወላሂ።" ልትስቅ ሞከረች፤ ሳቁ ወደ ማቃሰት ተቀየረባት። "ከዚያ ምን ልበል? ዝም አልኩ።"

"ለምን አልተቆጣሽኝም?"

"ከፋብሪካው ከወጣህ ወዲህ ስትስቅ ያየሁህ ያንን ነገር ስታሸንፍ ብቻ ነው። ሕመሙ ያልፋል ብዬ ነበር። ሰው መቼም ያልፋል እያለ ነው የሚኖረው።"

"አጥፍቻለሁ እማ፣ አፉ በይኝ።"

"ብያለሁ። ያኔውኑ ብያለሁ።" እጇን ዘርግታ እጁን ፈለገችና ያዘችው። ጣቶቹ መንቀሳቀስ አቆሙ። "ነገ የምትለውን ዘምዘም ነግራኛለች፤ ነርሷን አስለፍልፋት። ስማኝ። ምንም እንዳትናገር። ስድስት ወር ይወስዱሃል። እኔ ስድስት ወር የለኝም። የሰፈራችንን ልጅ የፈሪድን ነገር አላየህም? አባቱ በሞተ በአራት ወሩ ከማገገሚያ ወጥቶ መቃብሩን ሰው ነው ያሳየው።"

"መድኃኒቱስ?"

"መድኃኒቱ ይቅርብኝ። አንተ እዚህ ሁን።"

"እሺ" አላት። እሺ ሲላት እውነቱን ነበር። የሚያቃስት ሰው አጠገብ ግን እሺ ብዙ አይቆይም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳጥኑ ተከፈተ፤ ሁለተኛ ደረጃ ሰጠ፤ ተዘጋ። አሥር ሰዓት ላይ ሐያት ግድግዳውን በመዳፏ መምታት ጀመረች። በቀስታ ነው የምትመታው፣ በር እንደሚያንኳኳ እንግዳ። ኢምራን ጀርባዋን አሸላት። እጁ የነካው ቦታ ሁሉ ስላመማት እጁን አነሣ። ከዚያ የሚያደርገው ነገር ጠፍቶት መሬት ላይ ተቀመጠና አብሯት ቆጠረ። ጠዋቶቹን አይደለም፤ ግድግዳውን የመታችበትን ነው። ሦስት መቶ ላይ ተወው።

ሐሙስ ጠዋት እትዬ ዘምዘም በአንድ ወገን፣ ኢምራን በሌላው ደግፈዋት የቀበሌው ጤና ጽሕፈት ቤት ሄዱ። እትዬ ዘምዘም ኮሪደሩ ላይ ቀሩ። "አብሽሪ፣ አይዞሽ" አሏት፤ ዛሬ አልቀለዱም።

የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ጌታሁን በጡረታ ጫፍ ላይ ያሉ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው ናቸው። ሐያት ስትገባ ከወንበራቸው ተነሥተው እያነከሱ የራሳቸውን ትራስ ሰጧት። ሲስተር ምሕረት ከጎናቸው ተቀምጣ ትጽፋለች።

"እነዚህን መልሶች የሰጡት እርስዎ ነዎት?" አሉ አቶ ጌታሁን።

"እኔ ነኝ።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

"ሐኪሙ ግን ሲያምዎት ነበር ይላል።"

"እውነቱን ነው። ሲያመኝ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ደህና ነኝ አሉ?"

"ደህና ነኝ አላልኩም። አልሐምዱሊላህ ነው ያልኩት።"

"እሱስ ደህና ነኝ ማለት አይደለም እንዴ?"

ሐያት የምር ተገርማ አየቻቸው። "አልሐምዱሊላህ ማለት አልሐምዱሊላህ ማለት ነዋ! ቢያምም፣ ባያምም። እርስዎ ጉልበትዎ እንዲያ ሆኖ ጠዋት ምን ይላሉ?"

አቶ ጌታሁን መነጽራቸውን አወለቁ። "እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ" አሉ ዝግ ብለው። የሲስተር ምሕረት ብዕር ቆመ።

"የሚሉት ገብቶኛል" አሉ በመጨረሻ። "በደንብ ገብቶኛል። ግን በዚህ ምክንያት የእርስዎን መዝገብ ከሰረዝኩ የኔንም መሰረዝ አለብኝ። የጎረቤቴንም። ያገሩን ሁሉ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አመስጋኙን ሁሉ ጤነኛ ብለን ጽፈናል ማለት ነው። ያንን ወደ በላይ እጽፈዋለሁ፤ ቃል እገባልዎታለሁ። መልሱ ግን ለእርስዎ አይደርስም። ዛሬ በእጄ ያለው አንድ ነገር ነው፤ ሌላ ሰው መልሶ እንደሆነ መጠየቅ።" ወደ ኢምራን ዞሩ። "አንተ ልጃቸው ነህ። ሳትመልስ በፊት የሚያስከትለውን ልንገርህ?"

"አውቀዋለሁ።"

"ልጄ ምንም አላደረገም!" አለች ሐያት። ከወንበሩ ልትነሣ ሞክራ ሕመሙ መለሳት። ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች፤ ድምፅ ግን አላወጣችም። ሻሿ በአንድ ጎኑ በጥርስ ተቀዳዷል። ቀና ስትል ዓይኗ እንባ አዝሎ ነበር። "ኢምራን፣ ዛሬም በኔ ፋንታ ልትመልስ ነው?"

ኢምራን ከጎኗ ተንበረከከ። ከመጋቢት ወዲህ ፊቷን እንዲህ ቀርቦ አይቶት አያውቅም ነበር። ቢጫው እስከ አገጯ ወርዷል። ጉንጮቿ ውስጥ የሌላ ሰው፣ በፎቶ ብቻ የሚያውቃት የአያቱ ፊት ብቅ ብሏል። ይህንን ፊት ነገ አያየውም። ምናልባት ከዚያ በኋላም። እስክጠግበው ልየው ብሎ ነበር፤ እሷ ግን እንደገና ጎንበስ አለች።

"አይ እማ" አላት። "ዛሬ የምመልሰው በራሴ ፋንታ ነው።"

ተነሥቶ ወደ ጠረጴዛው ዞረ። ሲስተር ምሕረት ብዕሯን አነሣች፤ ቀና ብላ አላየችውም።

"ከመጋቢት 8 ጀምሮ ያለው ድምፅ የሷ ነው፤ ያስገባሁት ግን እኔ ነኝ" አለ ኢምራን። "በጨዋታ ተይዣለሁ፤ ነገ ማገገሚያ እገባለሁ። ሳጥኑን ዛሬውኑ ክፈቱላት።"